ሰባት እንሰት በጀፎረው ላይ

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ በየማለዳው ፊቷን ሳትታጠብ የምትሠራው አንድ ሥራ አላት። ከቤቷ የቀኝ ማዕዘን ጎርፍ እስከቆፈረው ቦረቦር አፍ ድረስ የቃጫ ገመድ ትዘረጋለች፣ ገመዱን በክንዷ ትለካለች፣ ከዚያ የልጅ ልጇ የኑኃሚን ያለቀ የሒሳብ ደብተር ጀርባ ላይ ቀኑንና ክንዱን ትጽፋለች። እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለተማረች ቁጥር አያስቸግራትም። የሚያስቸግራት ቁጥሩ በየሳምንቱ ማነሱ ነው። ሚያዝያ ላይ ሃያ ሁለት ክንድ ነበር። ሰኔ ሲገባ አሥራ አራት ሆነ። ሰኔ ሃያ ቀን አሥራ አንድ ክንድ ከስንዝር። ስንዝሯንም አልተወቻትም፣ ጻፈቻት።

ኑኃሚን የስድስት ዓመት ልጅ ናት። እናቷ ወልቂጤ ከተማ ባንክ ቤት ስለምትሠራ ቅዳሜ መጥታ እሑድ ትመለሳለች፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ልጅቱ የአያቷ ናት። የምትተኛውም በዚያው በቀኝ ማዕዘን ባለው ክፍል ነበር፤ ሚያዝያ ላይ አልጋዋ ወደ ግራ ተዛወረ፣ ግንቦት ላይ ደግሞ ወደ ጓዳ። አያቷ ከዚህ በኋላ የሚዛወርበት ቦታ የለም ብላ አስባ እንቅልፍ አጥታለች። ጎረቤቶች ይስቁባታል። ወለተጊዮርጊስ ድሮም እንዲህ ናት፣ ሰማዩ ሲጠቁር ትጨነቃለች፣ ሲጠራም ምን ሊያመጣ ነው ብላ ትጨነቃለች ይላሉ። እውነት ነው። ቦረቦሩ ግን የጭንቀቷ ፈጠራ አልነበረም፤ እላዩ ላይ ቆሞ ምራቁን የተፋ ሰው ምራቁ ታች ሲደርስ አያይም።

ባለፈው መስከረም እዚያ ቦታ የነበረው ሣር ነው። መንደራቸው ዝግባ በር ከወልቂጤ ወደ ጉንችሬ ከሚወስደው አስፋልት ተነሥታ ኮረብታውን የምትወጣ ናት። ቤቶቹ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ በመካከላቸው ጀፎረው አለ። ጀፎረ መንገድ ነው እንዳይባል ሜዳ ነው፣ ሜዳ ነው እንዳይባል መንገድ ነው። ስልሳ እርምጃ ይሰፋል፣ ከላይ እስከ ታች ሣር ለብሷል፣ ሠርግም ለቅሶም ሸንጎም ይውልበታል፣ የአንድ ሰው ስላልሆነ የሁሉም ነው። አጥሩን ወደዚያ የገፋ፣ ያረሰው፣ የቆፈረው ወይም የተከለበት ሰው በቂጫው፣ ማለትም በአባቶች ሕግ፣ ሽማግሌ ፊት ቆሞ ይቀጣል። የወለተጊዮርጊስ አማት በአንድ ክረምት የዱባ ሐረጋቸው ከአጥር ሾልኮ ጀፎረው ላይ ስላፈራ በግ ከፍለዋል። ዱባውንም ሽማግሌዎቹ ወስደውታል።

ይህን ያህል ዘመን ጠላት ያልደፈረውን ሣር የደፈረው የአገር ልጅ ፍቅር ነው።

መስቀል ሲደርስ አዲስ አበባ ያለ የዝግባ በር ልጅ ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ይገባል። ድሮ በአውቶቡስ ይመጡ ነበር፣ ሥጋና ቅቤ ናፍቋቸው፣ አስፋልቱ ላይ ወርደው ሩብ ሰዓት በሣሩ ላይ ይወጣሉ፣ እግረ መንገዳቸውን ሰው ሁሉ ይስማቸዋል። በኋላ መኪና መጣ። መኪና ደግሞ አንድ ከባድ ችግር አለው፤ አስፋልት ዳር ከቆመ መንደር ውስጥ ያለ ሰው አያየውም። አንድ ሰው ስንት ዓመት ለፍቶ ከፍ ያለች ጥቁር መኪና ገዝቶ፣ እናቱ ደጅ ሳያቆማት በእግሩ እንደ ማንም ሲወጣ ልብ ይሰብራል። ስለዚህ የተወላጆች የልማት ኮሚቴ ተቋቋመ። ምክትል ሊቀ መንበሩ የወለተጊዮርጊስ የበኩር ልጅ ይድነቃቸው ነበር፤ መርካቶ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ይሸጣል።

ኮሚቴው ግሬደር ተከራየ። የግሬደሩ ሰፊ ምላጭ በአንድ ቀን ከላይ ወርዶ፣ ወጥቶ፣ እንደገና ወርዶ የጀፎረውን መሃል እንደ ተላጨ ራስ አደረገው። የተላጨው ሣር ግራና ቀኝ ተከምሮ ለሦስት ቀን ከብት በላው። አቶ ሽባባው፣ የሽማግሌዎቹ አለቃ፣ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፤ ልጆቻችን ጨለማውን ገፈፉልን አሉ። ኮሚቴውም «ለዘመናት በሣር ተውጦ የኖረውን ጀፎረ ለትራፊክ ክፍት አድርገናል» ብሎ ጻፈ። መግቢያው ላይ የአሥራ አንድ ሰዎች ስም ያለበት የብረት ሰሌዳ ተተከለ። በዚያ መስቀል አሥራ አንድ መኪና እየጮኸ ወጣ። ወለተጊዮርጊስም ልጇ ደጇ ላይ ሲያቆም እልል ብላለች፤ ይህን አልካደችም፣ ለራሷም ቢሆን።

የበልግ ዝናብ ሲመጣ ውሃው ሣሩን ፈለገ፣ አጣው። ሁለት የጎማ ዱካ አገኘና በእነሱ ወረደ። በመጋቢት ሁለቱ ዱካዎች ቦይ ሆኑ። በሚያዝያ ቦዮቹ ተጋብተው አንድ ቦረቦር ወለዱ። በግንቦት ቦረቦሩ የኮሚቴውን ሰሌዳ ከነምሰሶው ዋጠው፤ ሰሌዳው ግን አልወደቀም፣ ታች ጭቃው ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ ስለነበር የለጋሾቹን ስም ማንበብ የፈለገ ሰው ማጎንበስ ነበረበት። የወረደው አፈር ታች ሄዶ ምንጩን ደፈነው፣ ሴቶቹ ውሃ ፍለጋ አስፋልቱን ተሻግረው መሄድ ጀመሩ። መኪና ደግሞ፣ መንገዱ የተሠራለት መኪና፣ ከመስቀል ወዲህ አንድም አልመጣም።

ወለተጊዮርጊስ ዝም አላለችም። መጀመሪያ አቶ ሽባባው ዘንድ ሄደች። ደግ ሰው ናቸው፣ አስቀምጠው ሰሟት፣ ከዚያ የልጅሽን ስጦታ ራስሽ ታማርሪበታለሽ ወይ ብለው ወቀሷት። ሸንጎ ይሰብሰብልኝ ስትል በሚቀጥለው ሳምንት አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ለቅሶ ነበር፣ ከዚያ ሠርግ፣ ከዚያ ደግሞ ሰው አልሞላም። ቀበሌ ሄደች፣ መዝገብ ላይ ፈርሚ አሏት፣ ፈረመች። ለይድነቃቸው ደወለች። እሱ እንደ ልማዱ ሳትጨርስ ገባው፤ አይዞሽ እማዬ፣ ከመስቀል በኋላ ቤትሽን በግንብ አስከብብልሻለሁ፣ ከፈለግሽ ግንቡን ሴራሚክ አለብሰዋለሁ አላት። ከመስቀል በኋላ ማለት ከክረምት በኋላ ማለት ነው። ከክረምት በኋላ ሴራሚኩ የሚለጠፍበት ቤት ይኑር አይኑር አልጠየቀም።

ወሬውን ሰምታ የመጣችው ሰልሚያ ብቻ ናት። ሰልሚያ የቡታጅራ ልጅ ናት፣ በግብርና ባለሙያነት ተመድባ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ የላስቲክ ቦቲዋን አጥልቃ ቦረቦሩ ውስጥ ወርዳ ለግማሽ ሰዓት ያህል ስትዞር ቆየች። ስትወጣ ጭቃዋን እየጠረገች ለወለተጊዮርጊስ ነገሩን እንደ ልጅ አስረዳቻት። ከላይ ከኮረብታው የሚወርደው ውሃ ድሮም ይወርድ ነበር። ሣሩ ግማሹን ይጠጣዋል፣ ያልጠጣውን ደግሞ እያዘገመ ስልሳውም እርምጃ ላይ ይበትነዋል። ግሬደሩ መሃሉን ገፎ ጎድጓዳ ሲያደርገው የተበተነው ውሃ አንድ ቦታ ተሰበሰበ፤ ኮረብታውም ዛፉ ተመናምኗል፣ የትምህርት ቤቱ አዲስ ቆርቆሮም ውሃውን እዚያው ያፈስሳል።

«መድኃኒት አለው?» አለች ወለተጊዮርጊስ።

«አለው እማማ። ከላይ ውሃውን በማፋሰሻ ቦይ ቆርጠን ሣር ወዳለበት ወደ ዳር መበተን ነው። ቦረቦሩ ውስጥ ደግሞ በየአሥር እርምጃው የድንጋይ ክትር። ዳርና ዳሩን ደሾ ሣር። ከዚያ ሁለት ክረምት እንዳይረገጥ፣ ከብትም መኪናም።»

«መንገዱ ይዘጋ ነው የምትዪው?»

ሰልሚያ ቦቲዋን አየች። ድምጿንም ዝቅ አደረገች። እኔ አላልኩም ወላሂ፣ አለች፤ መሥሪያ ቤቷ ይህን መንገድ በዘጠኝ ወር ሪፖርት ላይ በኅብረተሰብ ተሳትፎ የተሠራ ምርጥ ተሞክሮ ብሎ አስገብቶታል። ምርጥ ተሞክሮ ይዘጋ ብላ ደብዳቤ የምትጽፍ ባለሙያ ደግሞ በማግስቱ ሌላ ቦታ ተመድባ ራሷን ታገኘዋለች። እናንተ ከጠየቃችሁ ግን፣ አለች፣ ሽማግሌዎቹ ከወሰኑ፣ ድንጋዩ ሲደርስ እኔም እዚያው እገኛለሁ።

ሽማግሌዎቹ ግን የሚሰበሰቡ አልሆኑም።

ሐምሌ አምስት ቀን ማለዳ ወለተጊዮርጊስ ገመዷን ይዛ ስትወጣ ኑኃሚን ቀድማት ወጥታ ቦረቦሩ አፍ ላይ ቆማ እየሳቀች ወደ ታች ታሳያለች። ከግቢው ጠርዝ የነበረው ትልቁ እንሰት፣ ልጅቱ ድብብቆሽ ስትጫወት የምትደበቅበት፣ ከነሥሩ ከነአፈሩ ወርዶ ታች ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቅጠሉ እንኳ አልተቀደደም። ልጅቱ ማን ወሰደው እያለች ትጠይቃለች። አያቷ ጠርዙ እንዳይናድ በሆዷ እየተሳበች ደርሳ የልጅቱን ቀሚስ ጨምድዳ ያዘች፣ ከዚያ ጎተተቻት። አልመታቻትም፣ አልጮኸችባትም፣ ቤት አስገብታ በሩን ከውጭ ቆለፈች። ከዚያ ለካች። ዘጠኝ ክንድ።

ያን ዕለት ምሳ አልበላችም። ተቀምጣ ስታስብ ስታስብ አንድ ነገር ታያት። የዝግባ በር ሽማግሌዎች ጀፎረው ሲበላ አይሰበሰቡም፤ ጀፎረው ላይ ሲተከል ግን ከአልጋቸው ይነሣሉ። አማቷን በአንድ ዱባ ቀጥተዋል።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ሰው ሁሉ ወጥቶ በሚወርድበት ሰዓት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ወለተጊዮርጊስ ከጓሮዋ ሰባት የእንሰት ችግኝ ነቅላ አወጣች። ከቦረቦሩ ራስ በላይ፣ ግሬደሩ ባበጀው መንገድ መሃል፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር ጉድጓድ ቆፈረች። ሰው ቆሞ አያት። አንዷ ጎረቤቷ ተጠግታ እትዬ ደህና ነሽ አለቻት። ደህና ነኝ አለች፣ ችግኙን ያዥልኝ። ጎረቤቷ ችግኙን መያዝ አልደፈረችም፣ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ሸሸች። ሰባቱንም ብቻዋን ተከለች፣ አፈሩን በእግሯ ረገጠች፣ እጇን ታጠበች፣ ገብታም ተኛች። ከሚያዝያ ወዲህ እንደዚያ ቀን ተኝታ አታውቅም።

ለሦስት ወር መሰብሰብ ያቃተው ሸንጎ በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጀፎረው ላይ ሙሉ ነበር። የታመሙት እንኳ በምርኩዝ መጥተዋል። አቶ ሽባባው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መሃል ቆመዋል፣ ፊታቸው የተቆጣ ሰው ፊት ነው፤ ከአባቶች ጊዜ ጀምሮ ያልተደረገ ነገር ተደርጓል። ሌላው ሽማግሌ ችግኞቹን ዞሮ አያቸውና እንሰት በሐምሌ የሚተከለው በየትኛው አገር ነው ብሎ ተሳለቀ። ሕግ ማፍረሷ አንሶ ወቅቱንም አላወቀችም ተባለ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ወለተጊዮርጊስ ደብተሯን በነጠላዋ ሸፍና ቆማለች፣ ሰልሚያ ከኋላዋ ሆና ትጠብቃለች።

«ወለተጊዮርጊስ፣ ይህን የተከልሽው አንቺ ነሽ?» አሉ አቶ ሽባባው።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ቂጫው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?»

«ከእርስዎ አፍ ነው የሰማሁት። ከጀፎረው አንድ ስንዝር የወሰደ ይቀጣል።»

«እንግዲያ ራስሽ ፈረድሽ።»

«ፈርጃለሁ። የወሰድኩትን ለኩና ቅጡኝ። ከዚያ ደግሞ የሌላውንም ለኩልኝ።» ነጠላዋን ገልጣ ደብተሩን አወጣች። ከሚያዝያ ሁለት ጀምሮ ቀን በቀን አነበበች። ሃያ ሁለት፣ ሃያ አንድ ተኩል፣ ሃያ። በመጀመሪያ ላይ ሰው አጉረመረመ፣ ግንቦት ላይ ስትደርስ ተጠግቶ ከበባት፣ ሰኔ ላይ አቶ ሽባባው ሳያስቡት ወደ ቦረቦሩ ጠጋ ብለው አንገታቸውን አስግገው አዩ። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ነበር፣ ምርኩዙ የቆመበት ጓል ተንዶ ወረደ። ምርኩዙም ተከተለው። ሁለት ሰው ቶሎ ብሎ አቶ ሽባባውን በጋቢያቸው ያዘ።

ሲረጋጉ ድምጻቸው ሌላ ነበር። «ይህን የወሰደው ማን ነው ትያለሽ?» አሉ።

እዚህ ላይ ወለተጊዮርጊስ ጎርፉ ነው ልትል አስባ ነበር። ችግኙን ስትተክል ያዘጋጀችው መልስ ይኸው ነው፤ ጎርፍ ማንንም አያስቀይምም፣ ጎርፍ በመስቀል አይመጣም፣ የጎርፍ እናት ደግሞ ደጅ ላይ ቆማ አታፍርም። ደብተሩን አጠፈችው።

«ይድነቃቸው ነው። ልጄ። እሱና አብረውት ሣሩን ያስላጩት። ስማቸው ሰሌዳው ላይ አለ፣ ታች ወርዳችሁ አንብቡት። እኔም እልል ብያለሁ፣ እርስዎም መርቀዋል። ሁላችንም እንቀጣ፤ ግን መጀመሪያ ውሃው ይቆምልኝ፣ ዘጠኝ ክንድ ነው የቀረኝ፣ ውስጥ ልጅ ትተኛለች።»

ሸንጎው እስከ ቀትር ተነጋገረ። ብዙ ተባለ። አንዱ የአገር ልጅ እንዴት ይቀጣል፣ ከእንግዲህ ማን ይረዳናል አለ። ሌላው፣ ምንጩ የተደፈነበት፣ እርዳታው በዚህ ከቀጠለ የሚረዳም መንደር አይኖርም አለ። ሰልሚያ ስትጠየቅ ቦዩን፣ ክትሩን፣ ደሾውን ተናገረች፣ መንገድ መዝጋት የሚለውን ቃል አልተጠቀመችም፣ ሣሩ እስኪይዝ አካባቢውን ማሳረፍ አለች። ሪፖርት ላይም ያምራል። በመጨረሻ ወለተጊዮርጊስ ወቅቱን ባላወቀ ተክሏ አንድ በግ ተፈረደባት። እንሰቶቹ ግን እንዳሉ ይቆዩ፣ መኪና እንዳያልፍ የመንገዱ በር ይሁኑ ተባለ። በአሥራ አንዱ ለጋሾች ላይ የተፈረደውን ደግሞ አቶ ሽባባው ራሳቸው አሰሙ፤ መርቀው ስለነበር ድምጻቸውን ከፍ ማድረግ ነበረባቸው። ገንዘብ አንቀበልም አሉ። በሬም አንቀበልም። ነሐሴ ሳይገባ እያንዳንዱ በአካሉ መጥቶ ሦስት ቀን ድንጋይ ይሸከማል። ያልመጣ በመስቀል ጀፎረውን አይረግጥም።

ይህ ፍርድ አዲስ አበባ ሲደርስ ምን ያህል ጭንቀት እንደፈጠረ ለመናገር ያስቸግራል። በሬ ቢባሉ ሁለት በሬ ይሰጡ ነበር። ይድነቃቸው ለእናቱ ደወለ፤ በመጀመሪያ ምን አደረግሽኝ ሲል አለቀሰ ማለት ይቻላል። ምክትል ሊቀ መንበር ነኝ፣ ሰው ምን ይለኛል። ከዚያ ወደ ንግድ ገባ። አሥር የቀን ሠራተኛ ልላክ፣ ሃያ ልላክ፣ ማሽን ልላክ። ማሽን የሚለውን ሲሰሙ አጠገቧ የነበሩት ሁሉ አንድ ላይ አይሆንም አሉ፣ ስልኩ በድምጽ ማጉያ ነበር። ሦስት ቀን ሱቅ መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ እማዬ፣ አላት።

«አላውቅም ልጄ። ዘጠኝ ክንድ ምን ማለት እንደሆነ ግን አውቃለሁ። አሁን ስምንት ሆኗል።»

እሱም የልጅቱ አልጋ የት ነው ብሎ ጠየቀ። ጓዳ አለችው። እዚያ እኮ አይጥ አለ አለ። እሱን ነው የምልህ አለችው።

ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ መጡ። አንዱ ወገቡን ታሟል የሚል የሐኪም ወረቀት ልኳል፣ አንዱ ስልኩን ዘግቷል። ዘጠኝ መኪና አስፋልቱ ዳር ተደርድሮ ቆመ፣ ባለቤቶቹም እንደ ድሮው በእግራቸው ወጡ። ሆዳቸው ቀድሟቸው ይወጣል፣ በየሃያ እርምጃው ቆመው መልክዓ ምድሩን ያደንቃሉ፣ ትንፋሽ ለመሰብሰብ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አንዱ ነጭ ስኒከር አድርጎ መጥቷል። ሰልሚያ ስኒከሩን አየት አድርጋ ምንም ሳትል ቦረቦሩ ውስጥ መደበችው።

ሦስት ቀን ሙሉ ሰልሚያ አዛዥ ነበረች። በወረዳው ስብሰባ ላይ ከኋላ ወንበር የምትቀመጠው ልጅ የመርካቶን ነጋዴ ጋሼ፣ ይህ ድንጋይ ይገለበጥ፣ ጠፍጣፋው በታች፣ ክትር ነው እንጂ የድንጋይ ክምር አይደለም ትለዋለች። መሃሉን ዝቅ አድርጉት፣ ውሃው በመሃል ይለፍ፣ ዳሩን ከቦረቦረው ክትሩን ይዞት ይሄዳል። የመንደሩ ሰው ደግሞ ቅርብ ለቅርብ ተሰልፎ ድንጋይ ያቀብላል፣ ሳቁን ግን አልደበቀም። ሴቶቹ ደሾውን በእፍኝ በእፍኝ እየከፋፈሉ ዳርና ዳሩን ተከሉ። ወለተጊዮርጊስ ከአንዱ ክትር ወደ ሌላው ትሮጣለች፤ ይህ ይወድቃል፣ ያ ይንሸራተታል፣ ልጅቱን ያዙልኝ፣ ውሃ ጠጡ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሙ። በሁለተኛው ቀን ይድነቃቸው ድንጋይ ተሸክሞ ፎቶ ተነሣ። ማታን ሳይጠብቅ ምሳ ሰዓት ላይ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ለጠፈው፣ ኮሚቴያችን የአፈር ጥበቃ ሥራ ጀመረ ብሎ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሁለት መቶ ሰው በርቱ ብሎታል። ጀግና ያለውም አለ። እናቱ ስታይ ለምን ፎቶው ውስጥ ድንጋዩ እንዲህ ትንሽ ሆነ ብቻ አለች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የመጨረሻው ክትር ሊያልቅ ሲል፣ ከኮረብታው በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ነጋዴዎቹ መሣሪያቸውን ጥለው ወደ መኪናቸው ሊወርዱ ዞሩ፤ አስፋልቱ ሩብ ሰዓት ነው፣ ዝናቡ ደግሞ አምስት ደቂቃ አልሰጣቸውም። ወለተጊዮርጊስ የመንገዱ መሃል ላይ ቆማ አትሂዱ አለች። ይህን ሳታዩ አትሂዱ።

ቆሙ። ጣሪያ ሥር፣ ዛፍ ሥር፣ የገባው ገብቶ ያልገባው ረጠበ። ውሃው ከላይ መጣ። ከሚያዝያ ወዲህ እንደሚመጣው ቡናማና ወፍራም ሆኖ፣ የተሰበረ እንጨት ይዞ፣ እየተጣደፈ። ማፋሰሻ ቦዩ ላይ ሲደርስ ግማሹ ታጥፎ ወደ ዳር፣ ወደ ቀረው ሣር ገባ። የቀረው ቦረቦሩ ውስጥ ወረደና የመጀመሪያውን ክትር ገጨ። ተጠራቀመ፣ አመነታ፣ በመሃሉ ዝቅታ ቀስ ብሎ ፈሰሰ። ጭቃውን እዚያው ጥሎት ነበር የሚያልፈው። ሁለተኛው ላይም እንደዚያው። አራተኛው ላይ ሲደርስ መልኩ ቀጭን ሻይ መስሎ ነበር። ወለተጊዮርጊስ ዓይኗ በውሃው ላይ አልነበረም፤ በቤቷ ማዕዘን በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ነበር። ጠርዙ ከዚያ በፊት በእንዲህ ዓይነት ዝናብ ላይ እንደ ዳቦ ይቆረስ ነበር። አሁን ጥቂት አፈር አራገፈና ቆመ።

ይድነቃቸው አጠገቧ ቆሞ ነበር፣ ውሃ ከአገጩ ይንጠባጠባል። የሰው ልጅ ሴራሚክ ሲሸጥ ስለ ውሃ ብዙ ያወቀ ይመስለዋል።

«እማዬ፣ ይህ ሁሉ ውሃ ድሮ የት ነበር የሚሄደው?» አላት።

«አንተ መንገድ ሳትሠራልን በፊት? ሣሩ ውስጥ ነበር።»

በዚያው ቅጽበት ሦስተኛው ክትር ላይ አንድ ድንጋይ ተንሸራተተና በተከፈተው ቀዳዳ ውሃው በጎን መውጣት ጀመረ፣ ወደ ቤቱ በኩል። ሰልሚያ ከላይ ሆና ያዙት ብላ ጮኸች። የቀረበው ይድነቃቸው ነበር። ጫማውን አየ፣ መኪናው ወዳለችበት ወደ ታች አየ፣ ከዚያ በሸሚዙ ብቻ እስከ ጉልበቱ ገባና ድንጋዩን በሁለት እጁ አቅፎ መለሰው፤ በመጀመሪያ ጠፍጣፋውን ወደ ላይ አድርጎት ነበር፣ ራሱ አየና ገለበጠው። ውሃው እንደገና በመሃል መፍሰስ ጀመረ። እሱ ግን እጁን አላነሣም፣ ድንጋዩን በደረቱ ተደግፎት እዚያው ቆመ።

ወለተጊዮርጊስ የልጇን ጃኬት ከአጥሩ ላይ አንሥታ ወደ ጠርዙ ሮጠች። በሸንጎ ፊት ስሙን የጠራችው እናት ልጇ ብርድ ሲመታው ማየት አልቻለችም።

«ይህን ልበስ ውሃ ውስጥ ሆነህም ቢሆን፣ ሳንባ ምች ይይዝሃል» አለችው። «ድንጋዩን ግን እንዳትለቅ።»